የርእሰ መምህሩ በር

ኬንያ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አድማ መቱ ሲባል ሰልፍ ወጥተው መፈክር አሰሙ ማለት ብቻ አይደለም። ክፍል አንገባም ማለት፣ የቀረበ ምግብ ሳይነኩ መነሳት፣ በሌሊት አጥር ጥሶ የትምህርት ቢሮ ወዳለበት ከተማ በእግር መትመም፣ መስኮት መሰባበር፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ የገዛ መኝታ ቤትን በእሳት ማጋየት፣ ሁሉም በአንድ ስም «ስትራይክ» ይባላሉ። ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የመጀመሪያው ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1908 (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በምዕራብ ኬንያ በማሴኖ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተነሳው ነው። ተማሪዎቹ የጉልበት ሥራው በዛብን፣ የመጣነው ፊደል ልንማር ነው ብለው አመፁ። አቤቱታው የቀረበው ትምህርት ቤቱን ለሚያስተዳድሩት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በተነሱት አድማዎች ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ያው የትምህርት ቤቱ አለቃ ነው።

ለምን እሱ ተለይቶ እንደሚጠራ ለመረዳት የኬንያ ርእሰ መምህር ምን ምን በእጁ እንደሆነ ማየት ይበቃል። ትልልቆቹ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አዳሪ ናቸው። ተማሪው በዓመት ሦስት ተርም፣ በእያንዳንዱ ተርም ሦስት ወር ገደማ፣ ከቤተሰቡ ርቆ በግቢው ይኖራል። ርእሰ መምህሩን የሚመድበው የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን ሲሆን፣ በትምህርት ቤቱ የአስተዳደር ቦርድም ውስጥ ጸሐፊው እሱ ነው። የክፍያው ገንዘብ፣ የምግቡ ግዢ፣ የደንብ ልብሱ፣ የአውቶቡሱ ጉዞ፣ ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥን ይከፈት አይከፈት የሚለው ሳይቀር በእሱ ፊርማ ወይም በእሱ ቃል ያልፋል። በቀን ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ሆዱ የባሰው እንደሆነ ማታ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ይነግራል፤ እናትም በነጋታው ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች። አዳሪው ይህ የለውም። ቁርስ ላይ የቀጠነ ሻይ፣ ምሳ ላይ ነቀዝ የገባበት ጊዜሪ ቢቀርብለት (ጊዜሪ ከኛ የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ ብዙም የማይለይ ምግብ ነው) የሚያየው አቅራቢ ነጋዴውን ወይም የዘገየውን የመንግሥት ድጎማ አይደለም። የሚያየው አንድ ሰው ነው።

የኬንያን ርእሰ መምህራን አሠራር የሚያጠኑ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከአንድ የቆየ ሙከራ ይነሳሉ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌቪንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አዮዋ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት የሞላቸውን ልጆች በትናንሽ ክበቦች አደራጅተው ጭምብል መሥራትን የመሰለ የእጅ ሥራ ሰጧቸው፤ በየክበቡም ጠባያቸው የተለያየ መሪዎች አስቀመጡ። አንዱ ሁሉን እያዘዘ ይመራል፣ ሁለተኛው ከልጆቹ ጋር እየተመካከረ ይወስናል፣ ሦስተኛው እንደፈለጋችሁ ብሎ ይተዋቸዋል። በአዛዡ መሪ ሥር የነበሩት ልጆች ከሁለት አንዱ ሆኑ፤ ወይ ድምፃቸው ጠፍቶ አንገታቸውን ደፉ፣ ወይ እርስ በርሳቸው ይናከሱ ጀመር። መሪው ከክፍሉ ሲወጣም ሥራው ይቆማል። በምክክር የተመሩት ግን መሪው ወጣ ገባ ቢል ሥራቸውን አላቋረጡም። እንደፈለጋችሁ የተባሉት ብዙም አልሠሩ። ከዚህ ሁሉ ለትምህርት ቤት የሚጠቅመው አንገት ስለ መድፋቱ የተገኘው ነገር ይመስላል። ጸጥ ያለ ትምህርት ቤት ሰላም ያለበት ትምህርት ቤት ላይሆን ይችላል፤ ልጆቹ ፊት ለፊት ከመናገር ተቆጥበው ይሆናል እንጂ።

የዚህ ጸጥታ ዋጋ በኬንያ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሬሳ ተቆጥሯል። በሐምሌ 1991 በሜሩ አካባቢ በነበረው የቅዱስ ኪዚቶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወንዶቹ በርእሰ መምህሩ ላይ የጠሩትን አድማ ሴቶቹ አንቀላቀልም አሉ። ሌሊት ወንዶቹ የሴቶቹን መኝታ ቤት ሰብረው ገቡ፤ 19 ልጃገረዶች ሞቱ፣ 71 ተደፈሩ። በመጋቢት 1998 በባሕር ዳርቻው ክልል በቦምቦሉሉ የሴቶች ትምህርት ቤት መኝታ ቤት ተቃጥሎ 26 ተማሪዎች አለቁ። በግንቦት 1999 በኒዬሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት የተማሪ አለቆች በተኙበት ተቆልፎባቸው፣ ቤንዚን ተርከፍክፎባቸው ተቃጠሉ። በመጋቢት 2001 በማቻኮስ አካባቢ በክያንጉሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 67 ወንዶች ልጆች በአንድ ሌሊት አመድ ሆኑ። ክያንጉሊ ላይ ከሁለቱ በሮች አንዱ ተቆልፎ፣ መስኮቶቹም የብረት ፍርግርግ ነበራቸው።

እነዚህ መቆለፊያዎችና ፍርግርጎች ከአመራሩ ተለይተው የሚታዩ የግንባታ ጉዳዮች አይደሉም። መኝታ ቤት ከውጭ የሚቆለፈው ተማሪው በሌሊት ሹልክ ብሎ እንዳይወጣ ነው፤ ፍርግርጉም የሚገጠመው ሌባ እንዳይገባና ልጅ እንዳይዘል ነው። ልጆቹን ማመን ያቃተው አስተዳደር በሩን ሲቆልፍ የሚፈራው ዲሲፕሊን መጥፋቱን እንጂ እሳትን አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴሩ በ2008 ያወጣው የትምህርት ቤቶች የደኅንነት መመሪያ ይህንኑ በሴንቲሜትር ሳይቀር ለማረም ሞከረ። የመኝታ ቤት በር ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ስፋቱም ቢያንስ አምስት ጫማ ይሁን፤ መስኮት ፍርግርግ አይኑረው፤ በአልጋና በአልጋ መካከል 1.2 ሜትር፣ መተላለፊያው 2 ሜትር ይሁን አለ። ተማሪው በየዓመቱ በሚጨምርበት ግቢ ርእሰ መምህሩ ይህን ቢያከብር ግማሹን ልጅ የት እንደሚያስተኛ መመሪያው አልነገረውም።

የኒዬሪው ግድያ ሌላ ነገር ገለጠ። የተገደሉት መምህራን ሳይሆኑ ተማሪዎች ነበሩ። በእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልማድ የመጣው «ፕሪፌክት» ከኛ የክፍል አለቃ በጣም ይበልጣል። ከሌሎች ተለይቶ በራሱ ጠባብ ክፍል ያድራል፣ ሰልፍ ሳይጠብቅ ይበላል፣ ታናናሾቹን ይቀጣል፣ የሰማውን ወደ ምክትል ርእሰ መምህሩ ያደርሳል። የሚመርጡት መምህራን ነበሩ። በርእሰ መምህሩና በአንድ ሺህ ተማሪ መካከል ያለው ድልድይ ይህ ልጅ ሆነ ማለት ነው፤ ድልድዩ ደግሞ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያሻግራል። ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ስም ዝርዝር ነው። ተማሪዎቹ አለቃቸውን እንደ ጓደኛ ሳይሆን እንደ ጆሮ ጠቢ ቢያዩት አይገርምም።

ከክያንጉሊ በኋላ መንግሥት በወቅቱ የትምህርት ዳይሬክተር በነበሩት በናኦሚ ዋንጋይ የሚመራ ግብረ ኃይል አቋቋመ፤ በዚያው በ2001 በትምህርት ቤት መግረፍ በሕግ ተከለከለ። የዱላው መከልከል እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው። ብዙ ወላጅና መምህር ሥርዓት የጠፋው ዱላ ስለጠፋ ነው ይላል፤ በ2021 እንደገና ቃጠሎ ሲበዛ የትምህርት ሚኒስትሩ ጆርጅ ማጎሃ ራሳቸው ዱላ ይመለስ የሚል ሐሳብ አንስተው ነበር። ይህ ክርክር አንድ ነገር ይረሳል። ከቅዱስ ኪዚቶ እስከ ኒዬሪ ያለው ሁሉ የደረሰው አለንጋ በየቢሮው በተሰቀለበት ዘመን ነው። ዱላው ሲወሰድ የተጎዱት በሌላ መንገድ መምራት ያልተማሩት ርእሰ መምህራን ናቸው። በምትኩ የምክር አገልግሎት ይኑር ተባለ፤ በአብዛኛው ግን አማካሪ የሚሆነው የማስተማር ጭነቱ ያልተቀነሰለት አንድ የሒሳብ ወይም የሃይማኖት ትምህርት መምህር ነው።

በ2008 ወደ 300 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች በአንድ ተርም ውስጥ በአድማና በእሳት ተናወጡ። ሚኒስቴሩ ተማሪ ሞባይል እንዳይዝ፣ በትምህርት ቤት አውቶቡሶችም ሙዚቃና ቪዲዮ እንዳይኖር ከለከለ። በቀጣዩ ዓመት ግን ከክልከላው የበለጠ ትርጉም ያለው ነገር ተጀመረ። በዩኒሴፍ ድጋፍ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ርእሰ መምህራን ማኅበር ጋር፣ የተማሪዎች ምክር ቤት ተመሠረተ፤ አለቆቹን መምህራን መምረጣቸው ቀርቶ ተማሪዎች በድምፅ እንዲመርጡ ሆነ። የ2013ቱ የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ ደግሞ የምክር ቤቱ ተወካይ በአስተዳደር ቦርዱ ስብሰባ ላይ እንዲቀመጥ ፈቀደ።

ወረቀቱ ጥሩ ነው። አፈጻጸሙ በርእሰ መምህሩ ልክ ይሰፋል። በአንዳንዱ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በኮሮጆ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ተወዳዳሪዎች በሰልፍ ላይ ቆመው ይናገራሉ፣ የተመረጠችው ልጅ ስለ ውሃ መቋረጥ ጠይቃ መልስ ይዛ ትመለሳለች። በሌላው ለመወዳደር የሚያስፈልገውን ውጤትና ጠባይ መምህራን ያጣራሉ፤ ደፋር ደፋሩ በማጣሪያው ይወድቃል፤ የስብሰባው አጀንዳም ከምክትል ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተጽፎ ይመጣል። ስሙ ምክር ቤት፣ ሥራው የድሮው ፕሪፌክት። እንዲህ ያለው ምክር ቤት ከናካቴው ከሌለው ሳይብስ አይቀርም፤ ተማሪው የመረጠው ወኪል እንደማይሰማ በዓይኑ አይቷልና ሁለተኛ ወኪል አይልክም።

የአስተያየት ሣጥንም እንዲሁ ነው። ከሞላ ጎደል በየግቢው አንድ አለ፤ ከሰንደቅ ዓላማው አጠገብ ወይም ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ የተንጠለጠለ፣ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን። ሊጠየቅ የሚገባው ቁልፉ በማን ኪስ ነው የሚለው ነው። ሣጥኑን የሚከፍተው ስለ እሱ የተጻፈበት መምህር ራሱ ከሆነ፣ የእጅ ጽሕፈት እየተመሳከረ ጸሐፊው የሚፈለግ ከሆነ፣ ሣጥኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ የከረሜላ ወረቀት መጣያ ይሆናል።

የሚሠራው ዘዴ ብዙም ረቂቅ አይደለም፤ በስዋሂሊ «ባራዛ» ይሉታል፣ እንደ ሸንጎ ያለ ነው። በተርሙ መጀመሪያና አጋማሽ መላው ተማሪ በአዳራሹ ወይም በዛፍ ጥላ ይቀመጣል፤ ርእሰ መምህሩ ከሒሳብ ሹሙና ከምግብ ቤት ኃላፊው ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል። አንዱ ተነስቶ ሻዩ ስኳር የለውም ይላል። ሁሉም ይስቃል። ርእሰ መምህሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ማን ነው የሳቀ ብሎ ይነሳል፣ ባራዛውም በዚያው ያበቃል። ሌላው የምግብ ቤት ኃላፊውን እዚያው ያስነሳና በወር ስንት ከረጢት ስኳር እንደተገዛ፣ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ ያስነግራል፤ ከዚያ ቅዳሜ የሚቀርበው ዳቦ ይቅርና ስኳሩ ይጨመር ወይስ እንዳለ ይቀጥል ብሎ ልጆቹን ያስመርጣል። ሻዩ ላይጣፍጥ ይችላል፤ ልጁ ግን የመረጠው እሱ ነው። የቀድሞው ስብሰባ ጥያቄዎች አንድ በአንድ ተነብበው ይህ ተፈጽሟል፣ ይህ በዚህ ምክንያት አልተቻለም መባሉም ከስኳሩ አያንስም። የማይቻል ነገር በምክንያት ሲነገር ልጅ ይቀበላል፤ ዝም መባልን ግን አይቀበልም።

ሁሉን የሚያዘው ብቻ ሳይሆን የማይገኘውም ርእሰ መምህር አደገኛ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በስብሰባና በከተማ ጉዳይ ላይ የሚውል፣ ቅዳሜና እሑድ ቤቱ የሚሄድ አለቃ ግቢውን ለምክትሉ ይተዋል። ምክትሉ ደግሞ የሚቀጣበት ሥልጣን እንጂ የሚፈቅድበት ሥልጣን የለውም። ተማሪው አቤት ሲል ርእሰ መምህሩ ሲመጡ ይባላል። እሳት ብዙ ጊዜ በሌሊት፣ የማታ ጥናት አልቆ መብራት በጠፋበት ሰዓት የሚነሳው ጨለማው ለመደበቅ ስለሚመች ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት በግቢው ያለው ትልቅ ሰው አንድ ተረኛ መምህርና ዘበኛው ብቻ ስለሆኑም ጭምር ነው።

ከዚህ የሚብሰው የሽግግር ጊዜ ነው። ሌቪንም ልጆቹ ከአንዱ ዓይነት መሪ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ጠብ እንደሚጨምር አስተውሎ ነበር። አዲስ የተመደበ ርእሰ መምህር የትምህርት ቤቱን ውጤት ከፍ እንዲያደርግ ታዝዞ ይመጣል፤ በመጀመሪያው ወር የቅዳሜውን መዝናኛ ይሰርዛል፣ የንጋት ጥናቱን ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት ያስጀምራል፣ ፀጉርና ቀሚስ ይለካል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል። በአንድ ወር ተደራርበው ሲመጡ ግን ልጆቹ የሚያዩት ውጤትን ሳይሆን የተወሰደባቸውን ነው። በ2018 የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን ርእሰ መምህራንን ከትውልድ አካባቢያቸው አርቆ መመደብ ሲጀምር ይህ የሽግግር ችግር በአንድ ጊዜ በብዙ ግቢዎች ላይ ወደቀ።

ርእሰ መምህሩን ብቻ መኮነንም ቀላል መውጫ ነው። ቃጠሎ የሚበዛው በሁለተኛው ተርም፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ረጅምና ብርዳማ ወቅት ሲሆን፣ ይህም የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች የሙከራ ፈተና የሚወስዱበት ጊዜ ነው። ከ1989 ጀምሮ የተሰጠው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የልጁን ዕጣ በአንድ ወረቀት ይወስናል፤ የርእሰ መምህሩም ዝና የሚለካው በዚያው ውጤት ነው። በ2016 ሚኒስትሩ ፍሬድ ማቲያንጊ የፈተና ስርቆትን ለመቁረጥ ሁለተኛውን ተርም አራዝመው ሦስተኛውን አሳጠሩ፤ በሦስተኛው ተርም የወላጅ ጉብኝትና የጸሎት ቀን እንዳይኖር ከለከሉ። በዚያ ዓመት ከ100 በላይ ትምህርት ቤቶች ተቃጠሉ። ትእዛዙ ከናይሮቢ ነው የመጣው፤ ለተማሪው ያነበበው ግን የግቢው ርእሰ መምህር ነው፤ ድንጋዩም የተወረወረው ወደ እሱ መስኮት ነው።

በዚያው ዓመት ሰኔ በኪሲ አካባቢ በኢቲየርዮ የወንዶች ትምህርት ቤት ሰባት መኝታ ቤቶች ጋዩ። ምክንያቱ ተብሎ የተወራው ተማሪዎቹ የአውሮፓ ዋንጫ ጨዋታ እንዳያዩ መከልከላቸው ነው፤ በኳስ ምክንያት ትምህርት ቤት አቃጠሉ የሚለው ወሬም ጋዜጣ ለመሸጥ የሚያንስ አይደለም። ስለ ትምህርት ቤት ቃጠሎ ተማሪዎችን ያነጋገረችው አንትሮፖሎጂስት ኤልዛቤት ኩፐር ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አይታዋለች። በእሷ ጥናት መሠረት ልጆቹ እሳትን የሚመርጡት እብደት ይዟቸው ሳይሆን፣ ደብዳቤና አቤቱታ መልስ እንደማያስገኝ፣ ቃጠሎ ግን ሚኒስትሩን ሳይቀር እንደሚያስመጣ ከአገራቸው ፖለቲካም ከትምህርት ቤታቸውም ስለተማሩ ነው። ኳሱ የሞላውን ጽዋ ያፈሰሰች ጠብታ ነበር ቢባል ይቀላል።

ጥያቄው ለማን ይቀርባል በሚለው ረገድ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ይለያል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህራን ጋር «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ ጥያቄው ለመንግሥት ነበር። አብዛኛው ተማሪ ማታ ቤቱ የሚገባ ነው፤ ርእሰ መምህሩም ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄ አልቀረበለትም። የእሱ ፈተና ሌላ ነው፤ ፖሊስ በር ላይ ሲደርስ ይከፍታል ወይስ አይከፍትም፣ የስም ዝርዝር ሲጠየቅ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚል።

በኬንያ ርእሰ መምህራን ዘንድ አድማ ድንገት አይመጣም የሚል ልምድ አለ። አስቀድሞ ሽታው ይሰማል። በጠዋት ሰልፍ ላይ ሁልጊዜ የሚያንሾካሹከው ተማሪ ዝም ይላል። ብዙ ልጆች ባንድ ቀን ታምሜአለሁ ብለው ፈቃድ ይጠይቃሉ። ጥሩ ጥሩው ልብስና መጽሐፍ ከመኝታ ቤት ሳጥኖች እየወጣ ወደ ክፍል ወይም ከግቢ ውጭ ይሸሻል። ስም የሌለው ወረቀት በቢሮ በር ሥር ሾልኮ ይገኛል። ወጥ ቤት ውስጥ ምግብ ይተርፋል። ይህን ቀድማ የምታውቀው አብዛኛውን ጊዜ ርእሰ መምህርቷ ሳትሆን ወጥ ሠሪዋ ነች፤ ዘበኛውም ያውቃል። እነሱን ቆም ብላ ሰላም የምትል ርእሰ መምህርት ከምክትሏ ሪፖርት ቀድማ ትሰማለች። ከተማሪዎቹ ጋር ሳይነገር ገብታ ያንኑ ጊዜሪ የምትበላ ደግሞ ማንም ሳይነግራት ነቀዙን ታገኘዋለች።

እሳቱ ከተነሳ በኋላ የሚሆነው በየትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት ነው። ግቢው ላልተወሰነ ጊዜ ይዘጋል፣ ተማሪዎች ሲነጋጋ ወደ ቤታቸው ይሸኛሉ፣ ፖሊስ የተወሰኑትን ይይዛል። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ በየክፍላቸው ተራ፣ ከወላጅ ጋር ይመለሳሉ፤ ቦርዱ ፊት ቀርበው ይጠየቃሉ፣ የጠባይ ግዴታ ይፈርማሉ። ርእሰ መምህሩ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወራል፤ ተማሪዎቹም እሳቱ ሥራውን እንደሠራ ያያሉ። የጉዳቱ ሒሳብ ለተማሪው ቁጥር ተካፍሎ በተርሙ ክፍያ ላይ ይደመራል፤ ክብሪቱን የጫረውም፣ ከእንቅልፉ በጩኸት የነቃውም እኩል ይከፍላሉ።